በስድስት መድኃኒት የሚሞት ጀርም

ኅዳር 6

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ከክፉ ይጠብቅዎ። እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በላይ ልጨምር ብል እጄ እሺ አይለኝም።

ባለፈው ሳምንት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀሙብኝ። «የምትጮሂውን ጽፈሽ ላኪው፤ ወረቀት አይጮህም» ነበር ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬ አንዱንም አላነሱም። ይኸው እንዳሉኝ በፖስታ ጻፍኩ።

የእናቴ ግራ ዓይን ጠፍቷል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። «አንዱ ይበቃኛል፤ አንቺ ብቻ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ» አለችኝ፣ ስለ ሰው ዓይን እንደምታወራ። እርስዎ ወንድሟ ነዎት። የምትታከመው እርስዎ በሚሠሩበት ሆስፒታል ነው። መግሏን የመረመሩትም እርስዎ ነዎት። አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሱልኝም።

የምርመራውን ውጤት ወረቀት ፎቶ አስነስታ ልካልኛለች። በእርስዎ እጅ የተጻፈውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ። «ከጉበት የተቀዳ መግል። በብዙ ሰው አንጀት የሚኖር የተለመደ ባክቴሪያ። ከሰባት መድኃኒት በስድስቱ ይሞታል። የመጀመሪያው ጀርም ማብቀያ ሳህን ረጥቦ ስለተዝለገለገ ተጥሎ በሁለተኛው ተነቧል።» ቀዶ ሐኪሙ «የተለመደ» የሚለውን አይቶ የአንድ ሳምንት ክኒን ሰጥቶ ወደ ቤት ሸኛት። በአሥራ አምስተኛው ቀን ዓይኗ ቀላ፣ አበጠ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ብርሃኑ ሄደ።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ከመግል የበቀለን ጀርም ሦስት ወር ፍሪጅ ውስጥ እንደሚያቆዩ አውቃለሁ፤ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት። አውጥተው እንደገና ይዝሩት። ሲበቅል የሽቦውን ቀለበት ያስነኩትና ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱት። እንደ ክር እየተሳበ ከመጣ፣ ክሩም ከግማሽ ሴንቲሜትር ከበለጠ፣ ይህ እርስዎ የሚያውቁት ተራ ጀርም አይደለም። ሌላኛውን ዓይኗንም ሊወስደው ይችላል።

የእህትዎ ልጅ

—

ኅዳር 21

ለእህቴ ልጅ፣ ለባሕር ማዶዋ ሊቅ፤

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ለወገቤ ስለተጨነቅሽ ፈጣሪ ይስጥሽ። ጭንቀትሽ ሁለት መስመር ሙሉ ስለነበር ሕመሙ ወዲያው ለቀቀኝ።

እኔ ያንቺ ተማሪ መሆኔን አላውቅም ነበር። ትናንት እዚሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ስታጥቢ፣ አሲድ ልብስሽ ላይ ደፍተሽ ስታለቅሺ፣ ቀለበቱን እሳት ላይ እንዴት እንደሚያግሉት እጅሽን ይዤ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። እኔ የጻፍኩልሽን የምስክር ወረቀት ይዘሽ ነው የሄድሽው። ጡት ነካሽ የሚባለውን ሰው ሲያወሩ እሰማ ነበር፤ በቤተሰባችን ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ስለሚዝለገለግ ሳህን ልታስተምሪኝ ነው? እዚህ መብራት በቀን ሦስት ጊዜ ይጠፋል። የማሞቂያው ሳጥን በር ከመኪና የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ታስሮ ነው የሚዘጋው። መብራቱ ሲጠፋ ሳጥኑ ይቀዘቅዛል፣ ሲመጣ ይግላል፣ ክዳኑ ላይ እንፋሎት ይጠራቀምና ጠብ ጠብ ይላል። ሳህኑ ይረጥባል፣ የበቀለውም ይዝለገለጋል። ስለዚህ የተዝለገለገ ሳህን ይጣላል። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ አንቺም እሺ ብለሽ ስትጥዪ ኖረሻል። አሁን ባሕር ስለተሻገርሽ ውሃው ወደ መርዝ ተለወጠ?

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መድኃኒት የተነከሩ ሰባት ክብ ወረቀቶች አስቀመጥኩበት። በስድስቱ ዙሪያ ድራሹ ጠፋ። የናቀው አንዷን የድሮዋን ብቻ ነው፤ እሷን ደግሞ የዚህ ጀርም ዘር ሁሉ ይንቃታል። በስድስት መድኃኒት የሚሞት ጀርም እንዴት ብሎ ነው አውሬ የሚሆነው? እኔ የማውቀው አውሬ መድኃኒት የማይገድለውን ነው።

እናትሽ ዓይኗን ያመማት ስኳሯ ነው። ስንት ዓመት ጣፋጭ ተዪ ስንላት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖራለች። አሁን ተመልሳ ተኝታለች፣ ክኒንና የዓይን ጠብታ ይሰጧታል፣ ከእኔ ክፍል አርባ እርምጃ ላይ ናት። በቀን ሁለት ጊዜ አያታለሁ። አንቺ ስንቴ አየሻት?

አጎትሽ

—

ታኅሣሥ 1

ለተከበሩ አጎቴ፤

ለእርስዎም ለቤትዎም ጤና እመኛለሁ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤው ደሜ ፈልቶ ነበር። ዛሬ ጥርሴን ነክሼ ነው የተቀመጥኩት።

ብልቃጥ ማጠቤን አልረሳሁም። ካልረሳሁት ነገር አንዱን ልንገርዎት። እዚህ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ የተዝለገለገ ሳህን አገኘሁ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ «ረጥቧል» ብዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። አለቃዬ ከቆሻሻው ውስጥ አወጣችው፤ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ቀለበቱን አስነክታ አነሳችው። ክሩ ተሳበ፣ ተሳበ፣ አልበጠስ አለ። «እንዲህ አድርገሽ እንድትጥዪ ያስተማረሽ ማን ነው?» አለችኝ። «ማንም አላስተማረኝም፤ ከራሴ ነው» አልኳት። የእርስዎን ስም በሰው አገር ላለማስነሳት መሳቂያ ሆኜ ዋልኩ። ጡት ነካሽ የሚሉት እንግዲህ እኔን ነው።

ያ የሚዝለገለገው ነገር አንዳንዴ ውሃ ነው፤ የመብራቱን ነገር አውቃለሁ። አንዳንዴ ግን ውሃ አይደለም። ጀርሙ ራሱ ሠርቶ የሚለብሰው ወፍራም ልባስ ነው። ነጩ የደም ሴል ሊውጠው ሲመጣ እርጥብ ሳሙና እንደመጨበጥ ይሆንበታል፤ ያዝኩት ሲል ያመልጠዋል። ተራው ዘመዱም ልባስ አለው፣ ግን ስስ ነው፣ ይያዛል። ሌላም አለ። ሰውነታችን ብረቱን ከጀርም ይደብቃል፣ ጀርም ያለ ብረት አይባዛምና። ይኼኛው ብረቱን ከሰው ላይ የሚነጥቅበት ተጨማሪ መሣሪያ አለው። የማይያዝና ጠግቦ የሚበላ ጀርም ጉበት ውስጥ ተቀምጦ አይቀርም፤ በደም ይጓዛል፣ ዓይን ይገባል፣ ሳንባ ይገባል። ስኳር ያለበት ሰው ሲያገኝ ደግሞ ይበረታል። እናቴን ስኳሯ አጋለጣት እንጂ ዓይኗን ያጠፋው ስኳር አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። መድኃኒት ይገድለዋል ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ሰው ውስጥ ሲገባ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያውን ብቻ ነው የጠየቁት። ሳህን ላይ መድኃኒቱ አጠገቡ ተቀምጦለታል። ጉበት ውስጥ ግን የታጨቀ መግል መሐል ነው፣ ክኒን እዚያ እስኪደርስ እሱ ዓይን ላይ ደርሷል። በቀላሉ መሞቱ እኮ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለው! ለስድስት ሳምንት በደም ሥር በመርፌ ቢሰጣት፣ መግሉም በቱቦ ቢወጣ ኖሮ፣ ይሄኔ በሁለት ዓይኗ ታይዎት ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር ያድርጉ። ጀርሙን እንደገና ይዝሩትና ክሩን ይለኩ። ለቀዶ ሐኪሙ ውጤትዎ ስህተት እንደነበር በአፍዎ ይንገሩት፤ መርፌውና ቱቦው ይጀመርላት፣ ቀኝ ዓይኗንም የዓይን ሐኪም ይከታተለው። ሦስተኛ፣ የሚጥሏቸውን ሳህኖች የሚመዘግቡበትን ጥቁር ደብተር ይክፈቱና «ረጥቧል» ብለው የጣሏቸውን ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ሰው ነበረው።

እስከ ታኅሣሥ 20 መልስ ካልደረሰኝ ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር እጽፋለሁ። ማስፈራሪያ ነው ካሉም ነው።

የእህትዎ ልጅ

—

ታኅሣሥ 17

ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥሽ።

ቀን ቆርጠሽ የሰጠሽኝ ዳኛ ሆነሽ ነው ወይስ ፖሊስ? እኔ በቀነ ቀጠሮ የሚሠራ ሰው አይደለሁም። ያልሽኝን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ምን እንዳደረግኩና ምን እንዳየሁ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ሪፖርት የማቀርበው ለአለቃዬ እንጂ ለብልቃጥ አጣቢዬ አይደለም።

እናትሽ አልጋዋ መስኮቱ አጠገብ ነው። ምግብ ትበላለች። ትናንት የክፍሉን ሰው ሁሉ ስታስቅ ዋለች። ሲመቸኝ እጽፍልሻለሁ፤ እስከዚያው ሥራሽን ሥሪ፣ እኔም ሥራዬን ልሥራ።

አጎትሽ

—

ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ አጎቴ፤

ፈጣሪ ይማርዎት። ሌላ ምን ልመኝልዎት እንደሚገባ አላውቅም።

ዛሬ ሃያ ነው። ከእርስዎ ዘንድ ምንም የለም። ከእናቴ ጋር በስልክ አወራሁ፤ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አታወጣም። ምን መድኃኒት ነው የሚሰጡሽ ስላት «የሚሰጡኝን እወስዳለሁ፤ ወንድሜ ያውቃል» ትለኛለች። ወንድሟ ያውቃል! እርስዎ የሚያውቁትን አውቀው ዝም ብለዋታል።

ስለዚህ ለዳይሬክተሩ ጽፌያለሁ። የተጣሉትን ሳህኖች፣ የእናቴን ውጤት፣ ክሩን ለክተው እንዲያዩ ለምኜዎት እምቢ ማለትዎን፣ ሁሉንም። «በዚህ ሰው ፊርማ የሚወጣ ውጤት ሰው ይገድላል፤ አንዱም አይታመን» ብያለሁ። ደብዳቤው በፈጣን መልእክተኛ ነው የሄደው፣ ይህኛው ሳይደርስዎት እዚያ የሚደርስ ይመስለኛል። ይቅርታ አልጠይቅዎትም። እርስዎም አልጠየቁኝም።

የእህትዎ ልጅ

—

የካቲት 30

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ጤናውን አይንሳሽ፣ እጅ እግርሽን ይባርከው። ይህ ምርቃት የእኔ አይደለም። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ «መጀመሪያ መርቃት» ስላለችኝ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኔ ነው።

የታኅሣሥ አንዱ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በአሥር ነው። በአሥራ አንድ ጀርሙን ከፍሪጅ አውጥቼ ዘራሁት። በአሥራ ሁለት ሳጥኑን ስከፍት ክዳኑ ደረቅ ነበር፤ መብራትም አልጠፋም ነበር። ቀለበቱን አስነክቼ አነሳሁት። ተሳበ። ማስመሪያ አስጠጋሁ። አራት ሴንቲሜትር ላይ ተበጠሰ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ያንኑ ዕለት ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ብቻውን እስኪሆን አልጠበቅኩም፤ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ በሙሉ ባሉበት «የፈረምኩት ስህተት ነው» አልኩት። አዲስ ወረቀት ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከሰዓት በኋላ ቱቦው ገባላት፣ መርፌው ተጀመረ። የዓይን ሐኪም በሳምንት ሁለቴ ቀኙን ያይላት ነበር። መግሉ ቀነሰ፣ ትኩሳቱ ጠፋ። በአሥራ ሰባት ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ ሁሉ ሆኖ ነበር።

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ትያለሽ። «ልክ ነሽ» የሚለውን ቃል ለአንቺ መጻፍ ሞት ስለመሰለኝ ነው። አንድ ወር ይቆይ፣ ትዳን፣ ከዚያ እጽፋለሁ ብዬ አሰብኩ። እናትሽንም ምንም እንዳትነግርሽ አስጠነቀቅኳት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሌላ ሰው ላይ አላላክክም።

ያንቺ ደብዳቤ ለዳይሬክተሩ በታኅሣሥ መጨረሻ ደረሰው። ጥር ሁለት ጠዋት ጠርቶኝ ግልባጩን በእጄ ሰጠኝ፣ ቁልፌን ተቀበለኝ። ላቦራቶሪው ታሸገ። ሳህን የማነበው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ናሙና ሁሉ ወደ ሌላ ከተማ እንዲላክ ተባለ። አንቺ «አንዱም አይታመን» ብለሻል፤ እሱም እንዳልሽው በእኔ ፊርማ የወጣ ውጤት በሙሉ ታግዷል ብሎ ለየክፍሉ ጻፈ። የእናትሽ መርፌ የታዘዘው በእኔ ወረቀት ነበር። አስተካክዬ የጻፍኩት ወረቀትም የእኔው ፊርማ ነበረበት። ቀዶ ሐኪሙ ፈቃድ ላይ ነበር፣ ተተኪው ልጅ መመሪያውን ተከተለ። መርፌው ተቋረጠ። ከሌላ ከተማ ውጤት እስኪመጣ ብለው የድሮዋን መድኃኒት ሰጧት። የትኛዋን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ጀርሙ የሚንቃትን ሰባተኛዋን።

ተተኪውን ኮሪደር ላይ ይዤ ጮህኩበት። «አባባ፣ እርስዎ ታግደዋል» አለኝ። ልክ ነው፣ ታግጃለሁ። ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ፣ ጸሐፊዋ ነገ ይምጡ አለችኝ። ነገም ነገ ይምጡ አለችኝ።

ጥር ስድስት ትኩሳቱ ተመለሰ። ደሟን ቀዱት። መኪናው እስኪሄድ ብልቃጡ አንድ ቀን ተኩል የታሸገው በር ሥር፣ መሬት ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ አየሁት። ጥር ዘጠኝ ጠዋት «ጨለም አለብኝ፣ መጋረጃውን ክፈቱት» አለች። መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ከፈቃዱ ተጠርቶ በአሥር መርፌውን አስመለሰ፤ ሕይወቷ ተረፈ። ቀኝ ዓይኗ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር «ደህና ነኝ» ብላሻለች። አይደለችም።

የግራ ዓይኗ የእኔ ነው። ጀርሙ የተለመደ ነው ብዬ ፈርሜያለሁና ለዘላለም ተሸክሜዋለሁ። ጥቁሩን ደብተርም ቆጥሬያለሁ፤ «ረጥቧል» የተባሉት መቶ አርባ ሁለት ናቸው። ስንቱ እውነት ውሃ እንደነበር፣ ስንቱ እንዳልነበር ማንም አያውቅም። ደብተሩን ለዳይሬክተሩ ራሴ ወስጄ ሰጠሁት። የቀኙ ዓይኗ ግን የአንቺ ነው። ጀርሙ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። አንድ ደብዳቤ ምን እንደሚያደርግ ግን አላወቅሽም፤ እኔም ዝም ማለት ምን እንደሚያደርግ አላወቅኩም።

የስድስት ሳምንት መርፌዋን ጨርሳ ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ቤት ናት። ሥራ ስለሌለኝ ቀኑን ሙሉ አብሬያት እውላለሁ። በአራተኛው ቀን «የልጄን ደብዳቤዎች አንብብልኝ» አለችኝ። «ለእኔ የተጻፉ ናቸው፣ ለአንቺ አይሆኑም» አልኳት። «እናንተ ስትጻጻፉ እኔ መሐል ተኝቼ ነበር፤ አንብብ፣ አንዱንም እንዳትዘልል» አለች። የእኔንም በካርቦን አስቀርቻቸው ስለነበር ተራ በተራ ማንበብ ጀመርን። ስድቡን ሁሉ፣ ያንቺንም የእኔንም፣ በራሴ ድምፅ አነበብኩላት። «ማንም አላስተማረኝም፤ ከራሴ ነው» ያልሽበት ቦታ ላይ ድገመው አለችኝ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። የታኅሣሥ ሃያው ላይ ስንደርስ የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ አመመኝ ብዬ አጠፍኩት። መርፌዋን ያስቆመው ዳይሬክተሩ በራሱ ተነሥቶ ይመስላታል።

ዛሬ ጠዋት «ስንት ቀረ?» አለችኝ።

«ያቋረጥነውና ሌላ አንድ» አልኳት። «ሌላው ግን ለእኔ የተጻፈ አይደለም።»

«በማን እጅ ነው የተጻፈው?»

«በልጅሽ።»

«እንግዲያው ታነብልኛለህ።»

ለዛሬ ተዪኝ ብዬ ለምኛት እሺ አለች። ከነገ ማሳለፍ አልችልም፤ በዚህ ቤት ውስጥ ከእንግዲህ ወዲያ ከእሷ የሚደበቅ ወረቀት አይኖርም ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ፖስታው ዘጠኝ ቀን ይወስዳል። ይህ እጅሽ ሲገባ ሰምታዋለች።

አጎትሽ